ማንጠግቦሽ ከጥጡ የፈተለችው ድምፅ

እስቲ ያችን አግዳሚ ወንበር ተመልከቱ። ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ናት። ቀለሟ ዳርና ዳሯ ላይ አለ፤ መሐሏ ግን ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። ባለጉዳይ የፋቀው እንዳይመስላችሁ፤ ባለጉዳይ እዚያ ቆሞ ነው የሚውለው። የፋቀችው አንዲት ሴት ናት። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጣባታለች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ደመወዟ በየወሩ ይገባል። ሥራ ግን አልነበራትም።

ማንጠግቦሽ መሳፍንት ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ጤፍና በቆሎ ከሚያርስ ቤት ነው። በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነበር፤ ሲደርሱ ዓይኗ አልቆ ነበር። ይህን ስትናገር የአየር ሁኔታ የምታነብ ነው የምትመስለው። «ኩፍኝ ያዘኝ፣ ዓይኔ ሄደ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ» ትላለች። ከዚህ በላይ ሊያዝንላት የተዘጋጀውን ሰው «ሌላ ጥያቄ?» ብላ ታስቆመዋለች።

ትምህርት ቤት የገባችው ግን ዝም ብሎ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ቤት ትቀመጥ እንጂ፤ ማን ይወስድባችኋል» ሲል፣ አባቷ አቶ መሳፍንት በፈረስ ደምበጫ፣ ከደምበጫ በአውቶቡስ አድርገው ከዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አደረሷት። ብሬልን በአራት ወር ጨረሰችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሥራ አመራር ተማረች። እዚያ ሳለች አንድ ድርጅት ያገለገሉ ላፕቶፖች ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች አደለ። ለእሷ የደረሳት በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ነበር፤ ሌሎቹ የማያውቁት ነገር ስለሆነ ማንም አልቀየራትም። ይዛው ቀረች። ይዛው በመቅረቷ ነው ይህ ታሪክ የሚነገረው።

ሌላው ሰው ኮምፒዩተርን የሚያዝዘው በዓይኑና በማውዝ ነው፤ ሥዕል ያያል፣ ሥዕሉን ይጫናል። ማንጠግቦሽ የምትሠራው በትዕዛዝ መስመር ነው። አንድ መስመር ትዕዛዝ ትጽፋለች፣ ማሽኑ በጽሑፍ ይመልሳል፣ የድምፅ አንባቢ ፕሮግራሙ መልሱን በጆሮዋ ያነበንብላታል። በስልክ እንደ ማውራት ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። ሥዕል የለ፣ መስኮት የለ። በዚህ መንገድ ላይ ዓይን ያለው ሰው ከእሷ የሚበልጥበት አንዳች ነገር የለም፤ ብዙውን ጊዜ እሷ ትፈጥናለች።

ችግሩ አንባቢው እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አለማወቁ ነበር። የአማርኛ ፊደል ሲገጥመው አያነበውም፤ የፊደሉን የኮምፒዩተር ቁጥር ይጠራል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ብትሰጡት «ፊደል አንድ ሁለት ሦስት ዜሮ፤ ፊደል አንድ ሁለት ዜሮ ቢ፤ ፊደል አንድ ሁለት አንድ ዲ» ይላል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ሌላ ሰው ቢሆን ላፕቶፑን ሽጦ በግ ይገዛበት ነበር። ማንጠግቦሽ ቁጥሮቹን ሸመደደች። ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዘራቸው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ቁጥር በቃሏ ያዘች። ዳዊት ደጋሚ መዝሙሩን እንደሚይዘው ማለት ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ በዚህ ዓይነት ለማንበብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል፤ ግን ታነበዋለች። ይህን ያወቀ አለቃ ሊደነቅ ይገባው ነበር። ያወቀው አለቃ ግን «ይዘገያል» አለ።

መሥሪያ ቤቱ የተመደበች ቀን የነበሩት ኃላፊ እጇን ይዘው በረንዳው ላይ አስቀመጧትና «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ አንች ዕረፊ፤ ማንም አይነካሽም» አሏት። ደግነት ነው ይባላል እንግዲህ። ሰውን ከነዕውቀቱ እንደ ተበላሸ ወንበር ከበር አስቀምጦ ደመወዝ መክፈል በዚህ አገር ደግነት ነው። ማንም አልነካትም፤ እውነታቸውን ነው። አራት ዓመት ማንም አልነካትም።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጡረታ ወጣች። የመዝገብ ቤት ሥራ የመጣውን ደብዳቤ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ጉዳዩን ለይቶ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነው። ማንጠግቦሽ አመለከተች። ኅዳር 9፣ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሱ ኃላፊ አቶ ፍቅረ ሥላሴ አስጠሯት።

«ማንጠግቦሽ፣ ማን ምን አለሽ? ደመወዝሽ ቀረብሽ?»

«ደመወዙ አልቀረብኝም፣ ጋሼ። ሥራው ነው የቀረብኝ።»

«እኔ እኮ ለአንች ብየ ነው። ደብዳቤ ማንበብ አለ፤ ፈጣን መሆን አለበት። የአንችን ማሽን ደግሞ ሰምቸዋለሁ፤ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። የመዝገብ ቤት ሥራ ነው ወይስ የእህል ሚዛን?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ማንጠግቦሽም ሳቀች፤ ቀልዱ መጥፎ አልነበረም። ሳቁ ሲያልቅ «ስንት ቀን ይሰጡኛል?» አለች።

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ጥቂት አሰቡና «ሁለት ሳምንት» አሉ። «ኅዳር 23፣ በማኔጅመንት ስብሰባው ፊት አንድ ደብዳቤ አምጥተን እንሰጥሻለን። ሌላው ሰው በሚያነብበት ፍጥነት ካነበብሽ ወንበሩ ያንች ነው። ካላነበብሽ ግን ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ፤ እሽ?»

«እሽ።»

ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ። ይህን አስቡት፤ ጡረታ እስክትወጣ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች አግዳሚ ላይ ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት አዲስ አበባ ላለችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ለሔዋን ደወለች። ሔዋንም ዓይነ ስውር ናት፤ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚደርሳት። «አዲሱ አንባቢ እኮ አማርኛ ያውቃል!» አለቻት። «ደስ የሚል ድምፅ እንዳይመስልሽ፤ ጉንፋን የያዘው ዘበኛ ነው። ግን ያነባል። ችግሩ ያንች ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ለእሱ የተዘጋጀ የለም። ከምንጩ መገንባት አለብሽ።»

ከምንጩ መገንባት ማለት ይህ ነው። ፕሮግራም በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ገዝቶ መልበስ ነው፤ ለትከሻችሁ ከጠበበ ጠበበ፣ ሌላ የላችሁም። ሁለተኛው ከጥጡ መጀመር ነው፤ ጥጡን ትዳምጣላችሁ፣ ትፈትላላችሁ፣ ታስሸምናላችሁ፣ በልካችሁ ታሰፋላችሁ። ጥጡ ሰው በእጁ የጻፈው የፕሮግራሙ ምንጭ ነው። ማንጠግቦሽ ይህን ሁሉ በየተራ የሚያሠራ አንድ መሣሪያ አላት፤ ማዘዣ ያነባል፦ ጥጡ ከየት ይመጣል፣ ከእሱ በፊት የትኛው ክር መኖር አለበት፣ የትኛው ይቀድማል። አንድ መስመር ትሰጠዋለች፤ እሱ ያመጣል፣ ይፈትሻል፣ ይሠራል፣ ያስረክባል። ማለት፣ ሲሆንለት።

አልሆነለትም። መስመሩን ጻፈች፤ ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት ነበር። መሣሪያው ወደ ምንጩ ሄዶ ወዲያው ተመለሰና «የዚህ ድረ ገጽ ምስክር ወረቀት ገና አልጸናም» አላት።

«ገና?» አለች ለራሷ። «እስከ መቼ ልጠብቀው?»

ኔትወርኩ ነው አለች። ዘንድሮ እኛ ጋ የማይሆን ነገር ሁሉ በኔትወርኩ ይሳበባል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ ኡሙልኸይርን ለመነች። ኡሙልኸይር መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል ዕቃና የታሸገ ምግብ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ በአንድ ግቢ ተከራይተው ስድስት ዓመት ኖረዋል። ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ ከሔዋን ተገናኝታ ምንጩን በፍላሽ አስገልብጣ አመጣች። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ሦስት ቀን ይላችኋል፣ አምስት ይሆናል። እሷ ግን ኅዳር 15 እሑድ ገባች።

ሰኞ ማንጠግቦሽ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ፣ በዚያችው በረንዳ ላይ ሥራ ጀመረች። ሥራ የለሽም በተባለችበት ቦታ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ በላይ ትሠራ ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመው ሙዚቃ የምትሰማ መሰለው።

«ማንጤ፣ መዝሙር ነው?» አላት አንዱ።

«አዎ። መላእክት ሲጣሉ።»

ውስጥ የሚሰማው እንዲህ ነበር። መሣሪያው ምንጩን ይፈታል፣ መፈተሽ ይጀምራል፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይቆምና በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ «አሁን የተፈጠረው ፋይል ከመጣው ፋይል ይልቅ ያረጀ ነው። ሰዓትህን ተመልከት።»

ሰዓቷን ተመለከተች። ላፕቶፑን ጠየቀችው፤ «ሦስት ሰዓት ከሃያ፤ ሦስተኛ ወር፤ ቀን አሥራ ስድስት፤ 2017» አላት። የጥበቃ ሠራተኛውን ጠየቀችው፤ «ሦስት ሰዓት ከሃያ» አላት። ልክ ነው። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው፣ ቀኑ አሥራ ስድስት ነው፣ ዓመቱ 2017 ነው። አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተዛነፈም።

እንዴት ይዛነፋል! ሰዓቱን የሞላችው ራሷ ናት። ላፕቶፑ ከመጣላት ጀምሮ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛው አድርጋ ሞልታዋለች። የፈረንጅ ቀን ምን ያደርግልኛል አለች፤ ደብዳቤ ስትጽፍ ቀኑን ከማሽኑ ነው የምትወስደው። ማሽኑ ግን የፈረንጅን ወር ብቻ ስለሚያውቅ ጥቅምት 28 ላይ ወሩ አለቀ ብሎ ወደ ሦስተኛው ወር ይሻገርባታል፤ አንዳንዱን ወር ደግሞ ሠላሳ አንድ ያደርገዋል፤ ጳጉሜንማ ከነመኖሯም አልሰማም። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ቀኑን በእጇ ትመልሰዋለች፤ እንደማይታዘዝ ከብት ከእርሻ ውስጥ እየጎተተች። ዓመታት ሙሉ አንድም ወር ሳታልፍ። ሰዓቱን ከእሷ የበለጠ የሚጠብቅ ሰው በከተማው አልነበረም፤ «ሰዓትህን ተመልከት» የሚለው ነገር የገረማት ለዚህ ነው።

የተበላሸው ምንጩ ነው አለች። አጠፋችው፣ ከፍላሹ እንደገና ገለበጠችው፣ እንደገና አስጀመረችው። ሰዓትህን ተመልከት። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ነገሩ መሯት፣ ሰዓት የሚመረምረውን መስመር ፈልጋ ቆርጣ ጣለችው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አልቆጠረም። መሣሪያው ያንን አለፈ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ሠርቶ የጨረሰውን አልጨረስኩም እያለ ከመጀመሪያው ይጀምር ገባ። ይፈትሻል፣ ይሠራል፣ «አልተሠራም» ይላል፣ ይፈትሻል። ሐሙስ ሙሉ ቀን እንደ አውድማ በሬ ሲዞር ዋለ። ላፕቶፑ ጭኗን አቃጠላት። ዓርብ ዕለት፣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ዘጋችው።

ቅዳሜ ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ፣ ላፕቶፑን በቦርሳ አንግታ፣ በዘንጓ መንገዱን እየነካካች ኡሙልኸይር ሱቅ ደረሰች።

«ኡሚ፣ ፍላሽሽን እንኪ። የመጣው ዕቃ ብልሹ ነው።»

«ምን? በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ሦስት ቦታ ተፈትሼ ያመጣሁትን? ወላሂ ማንጤ፣ አንች ባትሆኝ በዚህ ሚዛን ነበር የምልሽ።»

«አንችን አላልሁም፤ ዕቃውን ነው። ሰዓትሽን አስተካክይ ይለኛል፤ ሰዓቴ ደግሞ ልክ ነው።»

«እስቲ አምጭው።»

ኡሙልኸይር ሱቋ ውስጥ በስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም የምትጭንበት ኮምፒዩተር አላት። ፍላሹን ሰካችና ዝርዝሩን አየች። ስለ ፕሮግራም አንዳች አታውቅም፤ የታሸገ ዕቃ ግን ሃያ ዓመት ሸጣለች፤ ዓይኗ ከሁሉ በፊት የሚሄደው ቀኑ ላይ ነው።

«የተሠራው ኦክቶበር 2024። ደህና ነው፤ ትኩስ ዕቃ ነው። ምን ሆነ? ያንችን ክፈችው እስቲ።» ማንጠግቦሽ ከፈተችው። ኡሙልኸይር ጎንበስ ብላ የላፕቶፑን ቀን አየች። ከዚያ ሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ አላቆም ብሎ የብስኩት ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ማንጤ፣ ያንች ማሽን ዛሬ 2017 ነው ይላል።»

«ታዲያ ስንት ሊል ነው?»

«ይሄ ዕቃ ሊመረት ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል! ያልተወለደ ብስኩት ነው የምትበይው!»

ማንጠግቦሽ ዘንጓን ወለሉ ላይ መታች።

«አትናደጅ» አለች ኡሙልኸይር ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ ከአንች የባሰ ሠርቻለሁ። አምና ተቆጣጣሪዎች መጡና የዱቄት ወተቴን እያነሡ ጊዜው አልፎበታል አሉ። ምን ይላል አልኋቸው። በ2023 ይበላሻል ይላል አሉ። "ታዲያ ገና 2016 ነው፤ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ምን ሆናችሁ?" ብየ መናኸሪያው እስኪሰማ ጮህሁባቸው። እነሱም ሁለት ካርቶን ወተት ጭነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የታሸገ ነገር በፈረንጅ ነው የምቆጥር።»

«አምስት ቀን!» አለች ማንጠግቦሽ በመጨረሻ። «አምስት ቀን ሙሉ ሰዓትህን ተመልከት ሲለኝ ሰዓቴን እየተመለከትሁ!»

ያ «ገና አልጸናም» የተባለው ምስክር ወረቀትም አሁን ገባት። የድረ ገጹ ወረቀት የሚጸናው ከ2024 ጀምሮ ነው፤ ኔትወርኩ ሳይሆን ማሽኗ ነበር ገና በ2017 የተቀመጠ። ሞኝ ናት የሚል ካለ አፉን ይያዝ። የራሷን አገር ቀን ለራሷ ማሽን ነው የነገረችው፤ የዚህን አገር ቀን እንዲያውቅ አድርጎ የላከላት አልነበረም፣ እሷም የጠየቀችው ሰው አልነበረም። ብቻውን የተማረ ሰው ስህተቱም ብቻውን ነው የሚያረጀው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ማንጠግቦሽ የላፕቶፑን ቀን ወደ ፈረንጅ ኖቬምበር 30፣ 2024 ቀየረች፤ ሰዓቱንም በስድስት ሰዓት ወደፊት ገፋችው። ቆርጣ የጣለችውን መስመር መለሰች። ትዕዛዙን ጻፈች።

«ዛሬ ጽዮን አይደለም እንዴ?» አለች ኡሙልኸይር። «ሥራ ይፈቀድልሻል?»

«የሚሠራው ማሽኑ ነው። እሱ ደግሞ የየትኛውም ደብር አይደለም።»

መሣሪያው ሦስተኛውን ደቂቃ አለፈ። አሥረኛውንም አለፈ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። ቻርጀር ልትገዛ የመጣች ሴት «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ስትል ኡሙልኸይር «አማርኛ እየተማረ ነው» አለቻት፤ ሴትዮዋ ቻርጀሯን ይዛ ወጣች። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ የከፈተችው የምደባ ደብዳቤዋን ነው። ከአራት ዓመት በፊት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የብርጓል በፍላሽ ገልብጣላት ነበር። ያኔ በቁጥሮቹ ስሟንና ደመወዟን እስክታገኝ አንብባ፣ ደክሟት፣ የቀረውን ሰው ጠይቃ «ተመድበሻል ነው የሚለው፤ በቃ» ተብላ ትታው ነበር። አሁን ማዳመጫውን ነቅላ ድምፁን ወደ ውጭ አወጣችው። ደረቅ፣ በአፍንጫው የሚናገር፣ ትንፋሽ የማያውቅ ወንድ ድምፅ ነው፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ግን አማርኛ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «የሥራ ዝርዝራቸው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተዘጋጅቶ እንዲሰጣቸው» ይላል።

ማንጠግቦሽ ዓረፍተ ነገሩን መልሳ አስነበበችው።

«አሥራ አምስት ቀን?» አለች ኡሙልኸይር። «ይዘሽባቸው ግቢ! ሰኞ ፊታቸው ላይ አስነብቢው!»

ማንጠግቦሽ ላፕቶፑን አጠፈች። «ሰኞ ሥራ ነው የምፈልግ፣ ክስ አይደለም። እሱን ሌላ ቀን።»

እዚህ ላይ የሚናደድ አንባቢ ይናደድ። እሷ አልተናደደችም።

ሰኞ ኅዳር 23፣ አራት ሰዓት ላይ፣ የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ማንጠግቦሽ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላፕቶፑን ከፈተች። ጸሐፊዋ የብርጓል ፍላሽ አምጥታ በእጇ አስያዘቻት። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሰዓታቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጀምሪ።»

ሰካች። በፍላሹ ላይ አንድ ፋይል ብቻ አለ። ክፈት አለችው። ላፕቶፑ የፋይሉን ስም ተናገረና ዝም አለ። እንደገና አዘዘችው። ዝም። ከወንበሮቹ መካከል አንዱ ተንጠራራ፣ አንዱ ሳል ሳለ። የማንጠግቦሽ ጣቶች ሌላ ትዕዛዝ ጻፉ፤ ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱ መጣ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ቀስ ብለው፣ ሐዘን ባለው ድምፅ፤ «ሁለት ደቂቃ ሆነ። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር፣ ማንጠግቦሽ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ደብዳቤ አይደለም። የደብዳቤ ፎቶ ነው።»

«ፎቶው ላይ ደብዳቤው አለ እኮ!»

«ለእርስዎ ይታይዎታል?»

«በደንብ ነዋ!»

«እኔንስ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ? ቢታየኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

አንድ ሰው ፈነዳ፤ ሳቁን በመሐረብ አፈነው። አቶ ፍቅረ ሥላሴ የብርጓልን ዞረው አዩ።

«ማኅተም ስላለው ነው» አለች የብርጓል ደንግጣ። «ሁሌም እንዲህ ነው የምንልክ። ይተየባል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታል፣ በስልክ ይነሣል፣ ይላካል።»

«ማን ተየበው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«እኔ።»

«የተየብሽው የት አለ?»

«ኮምፒዩተሬ ላይ።»

«የብርጓል፣ የኔ እህት፣ ኮምፒዩተርሽ ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

የብርጓል ፍላሹን ነጥቃ ሮጠች። ሦስት ደቂቃ ቆየች። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሰዓታቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ተመለሰች። ማንጠግቦሽ ሰካች፣ አዘዘች። ያ ጉንፋናሙ ዘበኛ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተነሣ፦ ጉዳዩ የሞተር ብስክሌት ጎማ ግዥን ይመለከታል፤ ከዚህ ቀደም በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ እንደጠየቅነው፤ ከሠላምታ ጋር። አርባ ሰከንድ። ማንጠግቦሽ አልቆመችም። «ወደ ግዥ ክፍል ነው የሚመራው» አለች። «የሚጠቅሰውን የቀድሞ ደብዳቤ ግን መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ማያያዝ ያስፈልጋል።»

ወንበሩን አገኘች። ለሦስት ወር፣ በሙከራ። ዓይን ያላት የቀድሞዋ ሠራተኛ በሙከራ አልገባችም ነበር፤ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ሦስት ወሩ የካቲት 23 ያልቃል፤ በማግስቱ ሰኞ ስብሰባው ተቀምጦ ስንት ደብዳቤ በቀኑ እንደመራች ይቆጥራል፤ ከዚያ ወይ ትጸናለች፣ ወይ ትመለሳለች።

በመጀመሪያው ወር ከየመሥሪያ ቤቱ የገቡት ደብዳቤዎች ዘጠና ስድስት ነበሩ። ሥልሳ አንዱ ፎቶ ናቸው። ከአማኑኤል ከተማም ይላክ፣ ከመርጡለ ማርያምም ይላክ፣ ከጎን ካለው ሕንፃም ይላክ፣ ሰው በኮምፒዩተር የተየበውን መልሶ በስልክ ያነሣዋል፤ ግማሹ ደግሞ ጣቱን አብሮ ያነሣል። ማንጠግቦሽ ለእያንዳንዱ ደውላ «የተተየበውን ይላኩልኝ» ትላለች። አንዳንዱ ይልካል። አንዳንዱ «ማንበብ የሚችል ሰው የላችሁም?» ይላታል። «አለን፤ እኔ ነኝ» ትለዋለች። እስኪልኩላት ደብዳቤው ያድራል፤ ያደረው ደብዳቤ የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው። አንድ ገጽ በአርባ ሰከንድ የምታነብ ሴት ዛሬም «ትዘገያለች» ትባላለች።

እሷ የራሷን ድርሻ ጨርሳለች። ዓይኗን የሚተካ ድምፅ ከጥጡ ጀምራ ሠርታለች፤ የቀረው በላኪው እጅ ነው። የካቲት 23 እስኪደርስ አምስት ሳምንት አለ። ስለዚህ እናንተ፣ ደብዳቤ የምትጽፉ፣ የምታስጽፉ፣ በቴሌግራም ማስታወቂያ የምትለጥፉ፦ ማኅተሙን በፎቶ ላኩ፤ ቃሉን ግን የተየባችሁበትን ፋይል አያይዛችሁ በፊደሉ ላኩ። ሁለት ጊዜ መጫን ነው። እባካችሁ፣ ዛሬ ከምትልኩት ደብዳቤ ጀምሩ።